ቆጣቢው ምድጃ ስለ ምን ቶሎ ይሰበራል?



በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዘንድሮ ከዚያ ሁሉ ዝቅ ብዬ ስለ ምድጃ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ወንድ ልጅ ስለ ምድጃ ምን አገባው?» ብለው የሚስቁብኝ የክፍል ጓደኞች እንዳሉኝ ዐውቃለሁ። ዳሩ ግን የሚስቁትም ቢሆኑ ገንፎ ሳይበሉ ከቤት አይወጡምና ጥቂት ቢታገሡኝ እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ. ም. በጥቅምት ወር እናቴ ከገበያ ትርፏ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከፍላ አንድ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ገዛች። ምድጃው ከሲሚንቶ የተሠራ ክብ ነገር ሆኖ ከፊቱ እንጨት የሚገባበት አንድ አፍ፣ ከኋላው ደግሞ ጭስ የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ ነበረው። የሸጠላት ሰው «ይህ ምድጃ የልጅሽን ሠርግ ይደግሳል» ብሏት ነበር። ልጅሽ የተባልሁት እኔ ስለ ነበርሁ በጣም ደስ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በእውነት ማገዶው ቀነሰ፤ ከጭስ የተነሣ ሁልጊዜ ያነባ የነበረው የአያቴ ዐይንም ዐረፈ። ይሁን እንጂ ክረምቱ ገብቶ ነሐሴ ሲጋመስ፣ አንድ ቀን ማለዳ እናቴ ገንፎ በምታገነፋበት ጊዜ የምድጃው ጎን ተሰንጥቆ ተናደና ድስቱ ከነገንፎው አመድ ላይ ተደፋ። ሠርጌ ይቅርና የ10ኛ ክፍል ምዝገባዬን እንኳ ሳያይ ቀረ።

እናቴ አልጮኸችም። ስባሪውን ለቅማ በደጃፋችን ጭቃ ላይ መርገጫ አድርጋ ደረደረችው፤ ከዚያም አሮጌዎቹን ሦስት ጉልቻዎች ከጓሮ አምጥታ ወደ ቦታቸው መለሰችና «ጉልቻ አይሰበርም» አለች። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ቆጣቢ ምድጃ ማንም ቢያነሣባት መልሷ ይኸው ሆነ። የእርሷን አይተው ለመግዛት ያሰቡ ሦስት ጎረቤቶቻችንም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት እየተረቱ ሐሳባቸውን ተዉ። ታናሽ እኅቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትለቅም የነበረውን እንጨት እንደ ገና አራት ጊዜ መልቀም ጀመረች፤ በእነዚያም ቀኖች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣት ነበር። እኔን ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የእኅቴ የቀሪ መዝገብ ነው። በጥናት የተሠራው ምድጃ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሲፈርስ፣ ማንም ያላጠናው ጉልቻ ስለ ምን ዕድሜ ልክ ይኖራል?

ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ጉልቻ እሳቱን ምን እንደሚያደርገው ማየት ያስፈልጋል። ሦስት ድንጋይ ጎልተን ከመካከላቸው እሳት ስናነድ ነፋስ ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ነበልባሉም ወዲያና ወዲህ ይበተናል። ከእንጨቱ ውስጥ ካለው ኀይል ወደ ድስቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ቤቱን፣ ጣሪያውንና የምታገነፋውን ሴት ፊት ያሞቃል። ያልተቃጠለው ክፍል ደግሞ ጭስ ሆኖ ከሳንባ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ. ም. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ በሚመጣ በሽታ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ቆጣቢ ምድጃን ያሰቡ ሰዎች ስለ ዛፍ ብቻ ተጨንቀው ነበር ማለት አይቻልም።

በአገራችን የታወቁት ቆጣቢ ምድጃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ሲሆን፣ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ደግሞ የተተኰሰ ሸክላ ነው። ዐሳቡ የመጣው ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ነው፤ ኬንያውያንም በበኩላቸው መነሻውን ያገኙት ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ነው ይባላል። ላቀች ከተራው የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ይልቅ ከመቶ 25 እጅ ያህል ከሰል ያድናል። ሁለተኛው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ነው። ይህ የሚሠራው ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን፣ በየክፍሉ በቅርጽ ተጥሎ ኋላ ይገጣጠማል። በደንብ ከተሠራ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሠሪዎችን እያሠለጠነ በብዙ ክልሎች እንዲስፋፋ አድርጓል። በ2004 ዓ. ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ዕቅድም ለቆጣቢ ምድጃ ትልቅ ቦታ ሰጥቶት ነበር፤ በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 9 ሚሊዮን ምድጃ ለማዳረስ ታስቦ ነበር። የእናቴ ምድጃ በመልኩ የምርጥ ዘመድ ነበር። በመልኩ ያልሁት አስቤበት ነው፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። ጉልቻ የማይሰበረው ብርቱ ስለሆነ አይደለም፤ አባካኝ ስለሆነ ነው። ሙቀቱን ሁሉ ለነፋስ ስለሚሰጥ ድንጋዩ ራሱ ብዙ አይግልም፤ ቢሰነጠቅም ከጎኑ ሌላ ክፍል ስለሌለው የሚናድ ነገር የለም፤ ሌላ ድንጋይ ይፈለግለታል እንጂ። ቆጣቢው ምድጃ ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ያ የታፈነ ሙቀት መጀመሪያ የሚያገኘው የምድጃውን ግድግዳ ነው። የግድግዳው የውስጥ ገጽ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፣ የውጭ ገጹ በእጅ የሚዳሰስ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ልስፋ ይላል፤ ውጪው አልሰፋም ይላል፤ በመካከል ያለው ይቀደዳል። እንግዲህ ምድጃውን ቆጣቢ ያደረገው ነገር ራሱ ነው ሰባሪው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን በእንግሊዝ አገር የሚኖረው አጎቴ በስልክ ሲያነጋግረን «የእኛም ቤት ማሞቂያ በስድስት ዓመቱ ተበላሸ፤ የአሮጊቷ ጎረቤቴ ግን 30 ዓመት ሆኖታል፤ ይሠራል» ብሎ አማረረ። በብርድ አገር ቤት የሚሞቀው ቦይለር በሚባል የውኃ ማሞቂያ ነው። ቦይለሩ ጋዝ እያቃጠለ ውኃ ያሞቃል፤ የሞቀውም ውኃ በቧንቧ እየዞረ ክፍሎቹን ያሞቃል። የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው ጉዳዩን በሰሌዳ ላይ ሥለው አስረዱኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ጋዝ ሲቃጠል ከሚወጣው ጢስ ውስጥ ውኃ በእንፋሎት መልክ አለ። የቀድሞው ቦይለር ይህን እንፋሎት ከነሙቀቱ በጭስ ማውጫ ይለቀው ነበር። አዲሱ ቆጣቢ ቦይለር ግን ጢሱን ከ55 ዲግሪ ያህል በታች አቀዝቅዞ እንፋሎቱን ወደ ውኃ ይመልሰዋል፤ እንፋሎት ውኃ ሲሆን ደግሞ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። በዚህ ዘዴ ከነዳጁ ኀይል ከመቶ 90 እጅ በላይ ጥቅም ላይ ይውላል። ስለዚህም እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ዓ. ም. ጀምሮ በቤት የሚተከለው አዲስ የጋዝ ቦይለር በአብዛኛው ይህ ዐይነት እንዲሆን ደንብ አወጡ። ይሁን እንጂ የተመለሰው ውኃ እንደ ሎሚ ኮምጣጣ ነው፤ ብረት ይበላል። ያንን ለመቋቋም ሙቀት መቀበያው ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራል፤ ሙቀቱንም ሁሉ እንዲለቅም መተላለፊያዎቹ ቀጫጭንና ጠባቦች ይሆናሉ። ከአሮጌው ቧንቧ የሚመጣ የዝገት ጭቃ፣ ወይም ከውኃው የሚረጋ ኖራ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ሲደፈን፣ ውኃ ያልደረሰበት ቦታ ከልክ በላይ ግሎ ይፈነዳል። የአሮጊቷ ቦይለር ወፍራምና ሰፊ ስለሆነ ጭቃውን ውጦ ዝም ይላል፤ ሙቀቱንም እንደ ጉልቻ ለሰማይ እየሰጠ ይኖራል። ከዚህም በላይ ለትንሽ ቤት ትልቅ ቦይለር ከተተከለ በየጥቂት ደቂቃው እየበራና እየጠፋ ራሱን ያደክማል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ ተካዩ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ከተወውና ውኃው ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከተመለሰ፣ እንፋሎቱ ውኃ አይሆንም፤ ባለቤቱ ለቁጠባ ከፍሎ ቁጠባውን ሳያገኝ ይቀራል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ብነግረው «እኔ ማገዶ ቢኖረኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። ማገዶ ለቅሞ ስለማያውቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የእናቴን ምድጃ እንደ ሐኪም ልመረምረው ፈለግሁ። ሬሳው በደጃፋችን መርገጫ ሆኖ ስለ ተገኘ ጉዳዩ አልከበደኝም። ስባሪዎቹን አጥቤ የተሰበረውን ገጽ ስመለከት በውስጡ የሚያብለጨልጭ ነጭ ነጭ ፍሬ አየሁ። ፑሚስ የሚባለው ድንጋይ በውስጡ እንደ ስፖንጅ ባዶ ቀዳዳ ስላለው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ሲሰፋም ቀዳዳዎቹ ቦታ ይሰጡታል። እኔ ያየሁት ግን ፑሚስ አልነበረም፤ የወንዝ አሸዋ ነበር። በእርግጥ ሠሪውን ብዙ መውቀስ አይገባም። ፑሚስ የሚገኘው እሳተ ገሞራ በነበረበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው። የእኛ የመንጌና የአሶሳ ምድር እጅግ ጥንታዊ በሆነ የመሠረት ድንጋይ ላይ ያለ ነው፤ በውስጡም ኳርትዝ የሚባል ነጭ ድንጋይ እንደ ጅማት ይጋደማል። ወርቅ አጣቢዎች የሚከተሉት ይህን ጅማት ነው፤ የወንዞቻችንም አሸዋ በአብዛኛው የዚህ ድንጋይ ፍርፋሪ ነው። ፑሚስ ከዚያ ሁሉ ርቀት ቢጫን ኪራዩ ከምድጃው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሠሪው በእጁ ያለውን ጨመረ።

የኳርትዝ ጠባይ ግን ለምድጃ አይሆንም። ይህ ድንጋይ 573 ዲግሪ ሲደርስ ውስጣዊ አሠራሩ በድንገት ተለውጦ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይኮማተራል። ምድጃ በቀን ሁለት ጊዜ ቢነድ በዓመት ከ700 ጊዜ በላይ ግሎ ይቀዘቅዛል። ከእሳቱ አጠገብ ያለች እያንዳንዷ የአሸዋ ፍሬ በሲሚንቶው ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ስታብጥና ስትሟሽሽ በዙሪያዋ ያለውን ትፈለቅቃለች።

ሲሚንቶውም ቢሆን የራሱ ጉድ አለው። ብዙዎቻችን ሲሚንቶ ደርቆ የሚጠነክር ይመስለናል፤ እንዲያስ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውኃ ጠጥቶ ነው። ከተጣለ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት 28 ቀን ያህል ይፈልጋል። ሠሪው ግን ገንዘቡ ስለሚቸኩልበት በማግስቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሲነኩት ድንጋይ የመሰለ፣ ውስጡ ግን ያልበሰለ ቂጣ የሆነ ምድጃ ይወጣል። ደግሞም ሲሚንቶ ሲጠነክር በውስጡ ኖራ ይፈጠራል፤ ይህ ኖራ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል ውኃውን አጥቶ የተቃጠለ ኖራ ይሆናል። የተቃጠለ ኖራ ውኃ ሲነካው እንደሚያብጥና እንደሚፈርስ ግድግዳ የቀባ ሰው ሁሉ ያውቃል። አሁን የእናቴ ምድጃ ስለ ምን በነሐሴ እንደ ፈረሰ ገባኝ። ከምድጃው በላይ የነበረው የሣር ክዳናችን በዚያ ክረምት ያፈስ ነበር። በጋውን ሁሉ የተቃጠለው ኖራ በክረምት ጠብታ ሲያገኝ ከውስጥ አበጠ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍና ከመምህራችን የሰማሁት ስለሆነ በዐይኔ ለማየት በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ አንድ ሙከራ አደረግሁ። በክብሪት ቤት ልክ እጥፍ የሚሆኑ 12 ጡቦች ሠራሁ። አራቱ ከሲሚንቶና ከወንዝ አሸዋ፣ አራቱ ከሲሚንቶና ከተወቀጠ ገል፣ አራቱ ደግሞ ያለ ሲሚንቶ ከሸክላ አፈር፣ ከተወቀጠ ገልና ከማሽላ ገለባ ነበሩ። ገል የመረጥሁት በአያቴ ምክር ነው። አያቴ በልጅነቷ ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረ ድስት ወቅጠው ከጭቃው ሲቀላቅሉ አይታለች። «አንድ ጊዜ እሳት ያየ አይደነግጥም» ትላለች። በእኛ ፊዚክስ ቋንቋ ሲነገር፣ የተተኰሰ ሸክላ የሚለወጠውን ተለውጦ ስለ ጨረሰ ዳግመኛ ሲግል ብዙ አይኮማተርም ማለት ነው። አያቴ ባጭሩ አስቀመጠችው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በውርደት አለቀ። ጡቦቹ ከላይ የደረቁ መስለውኝ በአራተኛው ቀን ሁለቱን ፍሙ ውስጥ ከተትሁ። በውስጣቸው የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ እንደ ጥይት ጮኸው ፈነዱ፤ አንደኛው ስባሪ ሄዶ የእናቴን ጀበና መታ። ጀበናዋ የእናቷ ስጦታ ነበረች። ስለ ሳይንስ የነበራት ግምት በዚያ ቀን ከምድጃው በታች ወረደ፤ እኔም ለሁለት ሳምንት ከማድ ቤት ታገድሁ። (የጀበናዋን ስባሪ ወቅጬ ለሙከራው እንደ ተጠቀምሁበት እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፤ ይህን ስታነብ ታውቃለች።)

ከእገዳው በኋላ የፈነዱትን ተክቼ እንደ ገና ጀመርሁ። ከሲሚንቶዎቹ ግማሹን ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንሁ፤ ግማሹን ፀሐይ ላይ ተውሁ። ከዚያ ሁሉንም ለአንድ ወር በጥላ ካደረቅሁ በኋላ ለ10 ቀን በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ፍም ውስጥ አስቀመጥኋቸው፤ ሲበርዱም ጥቂት ውኃ እረጭባቸው ነበር። ፀሐይ ላይ የደረቁት የአሸዋ ጡቦች በሦስተኛው ቀን በጣት ሲነኩ ይፈርሱ ጀመር። ጆንያ የለበሱት እስከ ስድስተኛው ቀን ቆይተው ገጻቸው እንደ መረብ ተሰነጣጠቀ። ሲሚንቶና ገል የነበሩት ጫፋቸው ተሸራረፈ እንጂ 10ኛውን ቀን አዩ። ከሸክላዎቹ አንዱ በመጀመሪያው ቀን ለሁለት ተከፈለ፤ ሦስቱ ግን ጭራሽ ቀልተውና ጠንክረው ወጡ። መምህራችን ውጤቱን አይተው «12 ጡብ ማስረጃ አይሆንም፤ መነሻ ግን ይሆናል» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ የፍሙንም ሙቀት የምለካበት መሣሪያ አልነበረኝም።

እኔ በዚህ ብቻ ምሥጢሩን የፈታሁ መስሎኝ ስኰራ፣ እናቴ ትልቁን ምክንያት ነገረችኝ። አንድ ማታ ስባሪዎቹን ደርድሬ ስገጣጥም ከኋላዬ ቆማ አየችና «ይኸውልህ፣ ከዚህ ነው የጀመረው» ብላ በጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አሳየችኝ። ምድጃው የተሠራው ለእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣድ ሰፊ ስለሆነ በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ማንም አያናውጠውም። በእኛ ቤት ግን ዋናው ምግብ የማሽላ ገንፎ ነው። ድስቱ ከምጣዱ ስለሚያንስ እናቴ በምድጃው አፍ ላይ ሁለት ብረት አጋድማ ድስቱን በብረቶቹ ላይ ታስቀምጥ ነበር። በመሆኑም የድስቱ ክብደት ሁሉ በአራት ነጥብ ላይ ብቻ ዐረፈ። ገንፎ ደግሞ ዝም ብሎ የሚበስል ነገር አይደለም፤ ሁለት እጅ በማማሰያ ላይ፣ አንድ እግር በድስቱ ጆሮ በኩል ሆኖ በጉልበት የሚገነፋ ነው። በየቀኑ እያንዳንዱ ዙር ብረቱን በሲሚንቶው ላይ እንደ መጋዝ ይገፋው ነበር። ጎድጓዳዋ ቦታ የብረቱ አሻራ ነች፤ ስንጥቁም ከእርሷ ጀምሮ ነው እስከ ታች የወረደው። የምድጃው አፍ ጠባብ ስለሆነም ያልተፈለጠ ግንድ ሲገፋበት ጠርዙ ይሸረፍ ነበር። ሽመል የምናነድ ከሆነ ደግሞ አንጓው ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ ሲገባ በውስጡ የታፈነው አየር እየፈነዳ ግድግዳውን ከውስጥ ይመታዋል።

እናቴ ይህን ሁሉ ስታውቅ ስለ ምን ቀድሞ እንዳልተናገረች ጠየቅኋት። «ማን ጠየቀኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ሻጩ ስለ ማገዶው ነገራት፤ ምን እንደምታበስል ግን አልጠየቃትም። ለትንሽ ቤት ትልቅ ቦይለር እንደ ተከሉት የአጎቴ አገር ሰዎች መሆኑ ነው። በእኔ አስተያየት ከአሸዋውም፣ ከኖራውም፣ ከክረምቱም ይልቅ ብዙ ምድጃ የሚሰብረው ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ስለ ሌሎቹም ጥቂት ልጨምር። የላቀች ምድጃ የሚያልቀው ከቆርቆሮውና ከሸክላው ጠብ የተነሣ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ሸክላው ግን የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ልጥፍ እየላላ ሄዶ ሸክላው ይንገጫገጫል። ይልቁንም ከሰል ለማትረፍ ብሎ ውኃ የሚያፈስበት ሰው ሸክላውን በአንድ ቀን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ፍሙን በአመድ ወይም በክዳን ማፈን ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ነገር እንዲሁ ነው። በክልላችን በጉባ የተሠራውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ስለ ተመረቀ፣ ወደ ፊት ብዙ ቤቶች ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚዛወሩ ተስፋ አለ። አሶሳ ያለችው አክስቴ ምጣድ ግን በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ሽቦው ተቃጥሎባታል። ከሸክላው በታች በቦይ ውስጥ የተቀበረው ጠምዛዛ ሽቦ ኒክሮም ይባላል፤ በላዩ የሚሠራው ስስ የክሮም ቅርፊት ስለሚጠብቀው ለብዙ ዓመት መጋል ይችላል። የሚጎዳው መጋጠሚያው ሲላላ ነው፤ በላላው ቦታ ላይ ሙቀት ስለሚበዛ ከዚያው ይበጠሳል። በሸክላው ስንጥቅ የሚገባ ሊጥም ቅርፊቱን ይበላዋል። ደግሞም የምጣዱ ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በቮልቱ ስኩዌር ነው የሚጨምረው። 220 ቮልት መሆን ያለበት 240 ቢሆን ቮልቱ በመቶ 9 ያህል ጨምሮ ሙቀቱ በመቶ 19 ይጨምራል። የአክስቴን ምጣድ ፈትተን ስናየው ሦስቱም ጊዜ የተበጠሰው ከዚያው ከመጋጠሚያው አጠገብ ነበር። ጠጋኙ ሽቦውን ለወጠ እንጂ የላላውን ብሎን አላጠበቀውም።

በመጨረሻ በጥር ወር 2017 ዓ. ም. አያቴ፣ እናቴና እኔ ሆነን አዲስ ምድጃ ሠራን። የሠራነው ከሸክላ አፈር፣ ከገልና ከማሽላ ገለባ ነው፤ ገለባው ኋላ ተቃጥሎ ሲጠፋ ቀዳዳ ትቶ እንደ ፑሚስ ሙቀት እንዲይዝ ብለን ነው። ቅርጹን በሚመለከት ግን ክርክር ተነሣ። እኔ ድስቱ በሸክላው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ ስል፣ እናቴ «ጉልቻዎቼን አላነሣም» አለች። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የእርሷ ሐሳብ አሸነፈ፤ ሳስበውም ከእኔ ይልቅ እርሷ መሐንዲስ ነች። ሦስቱ ጉልቻዎች በቦታቸው ቆመው የድስቱን ክብደትና የማማሰያውን ግፊት ይሸከማሉ፤ የሸክላው ግድግዳ ደግሞ በዙሪያቸው ቆሞ ሙቀቱን ብቻ ይይዛል። በድንጋዮቹና በግድግዳው መካከል የጣት ያህል ክፍተት ትተን በአመድ ሞላነው፤ ድንጋዩ ሲሰፋ ግድግዳውን እንዳይገፋ ነው። አፉንም ያልተፈለጠ እንጨት እንዲያስገባ አስፍተን በአንድ ረዥም ድንጋይ ደፍ አደረግንለት። አንድ ወር ሙሉ በጥላ ከደረቀ በኋላ ለሦስት ቀን በትንሽ በትንሽ እሳት አሟሸነው። የጣሪያውንም ፍሳሽ ደፈንን፤ ይህ ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነበር፤ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

አዲሱ ምድጃ ከሲሚንቶው ያነሰ ይቆጥባል። አፉ ሰፊ ስለሆነና ክፍተትም ስላለው ጥቂት ሙቀት ይባክናል፤ ጭሱም ፈጽሞ አልጠፋም። እኅቴ አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው እንጨት የምትለቅመው፤ ሁለቱ ጊዜ ትምህርት በሌለባቸው ቀኖች ስለሆነ የሚያመልጣት ክፍለ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ከሦስቱ ጎረቤቶቻችን አንዷ መጥታ አይታ ከሄደች በኋላ ገል እየለቀመች እንደሆነ ሰምተናል።

ምድጃው አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው መስከረም ከአፉ በስተ ግራ አንድ ቀጭን ስንጥቅ አግኝቼ ጫፉ ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁበት፤ በየወሩ መጀመሪያም እለካዋለሁ። ያን ጊዜ የጣት አንጓ ያህል ነበር፤ ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ምልክቱን አላለፈም።